መቃብር ያገኘ እግር

ስለ ዋተርሎ ጦርነት ሲወራ የሚወራው የሁለት ሰዎች ነገር ነው፤ የናፖሊዮን ቦናፓርትና የዌሊንግተኑ መስፍን። አንዱ ተሸነፈ፣ ሌላው አሸነፈ። ከዚያ ወሬው ይቀጥላል። ሌሊቱን የጣለው ዝናብ መሬቱን ጭቃ ባያደርገው ኖሮ፣ ማርሻል ግሩሺ የመድፉን ድምፅ ተከትሎ ቢመጣ ኖሮ፣ የፕሩሲያው ሽማግሌ ብሉኸር ትንሽ ቢዘገይ ኖሮ... ይህ «ኖሮ» የሚባል ነገር ሁለት መቶ ዓመት ሙሉ መጽሐፍ ሲያስጽፍ ኖሯል። እኛንም የታሪክ መምህራችን ያስተማሩን ይህንኑ ነበር። ጥቁር ሰሌዳውን በቀስት ይሞሉታል፤ ቀይ ጠመኔ ለናፖሊዮን፣ ነጭ ጠመኔ ለእንግሊዞች። ደወሉ ሲደወል ጦርነቱም ያልቃል፤ ሰሌዳው ተጠርጎ ሒሳብ ይገባል።

መቼም ሰሌዳ ጠርጎ መውጣት ቀላል ነው። መሬትስ እንዴት ይጠረጋል? ያን ሁሉ የሞተ ሰው ማን አነሳው? የት አገባው? ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ይኸው ጥያቄ ነው።

ነገሩ የሆነው እ.ኤ.አ. ጁን 18 ቀን 1815 ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት «ዓ.ም.» ካላልኩባቸው በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልኝ።) ቀኑን ወደ እኛ ስመልሰው ሰኔ 12 ቀን 1807 ዓ.ም. ሆኖ አገኘሁት። እሑድ ነው፤ የሰኔ ሚካኤል። በእኛ አገር ዘመነ መሳፍንት ነበርና መሳፍንቱ እርስ በርስ ሲፋለሙ፣ ባላገሩ ለሚካኤል ጠላውን ጠምቆ ዳቦውን ደፍቶ ይሆናል። በዚያው ዕለት ከብራስልስ በስተደቡብ፣ ከዳር እስከ ዳር አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ማሳ ላይ፣ ከአራት ኪሎ መስቀል አደባባይ ደርሶ እንደመመለስ ያህል በሆነች መሬት ማለት ነው፣ ናፖሊዮን 73,000 ያህል፣ ዌሊንግተን 68,000 ያህል ሰው አሰለፉ። ከቀትር በኋላ ወደ 50,000 የሚሆኑ ፕሩሲያውያን ተጨመሩበት። የእንግሊዝ ጦር እየተባለ የሚጠራውም ቢሆን ግማሹን እንኳ የሚሞላ እንግሊዛዊ አልነበረውም። የቀሩት ሆላንዶች፣ ቤልጅጎች፣ ከሃኖቨር፣ ከናሳውና ከብሩንስቪክ የመጡ ጀርመኖች ናቸው።

እኩለ ቀን ሊሆን ሲል የተጀመረው ጦርነት ጀንበር ስትጠልቅ አበቃ። ያን ጊዜ በዚያች ጠባብ መሬት ላይ ከ40,000 በላይ ሰው ሞቶ ወይም ቆስሎ ወድቆ ነበር። የሞቱት ብቻ ከ10,000 እንደሚበልጡ ይገመታል። በሺህ የሚቆጠሩ ፈረሶችም አብረው ተጋድመዋል።

«የመጨረሻው ጦርነት» መባሉም ቢሆን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ልክ አይደለም። ዋቭር በምትባለው ከተማ ግሩሺና ፕሩሲያውያን እስከ ማግስቱ ድረስ ሲዋጉ ነበር። ፓሪስ አጠገብ ኢሲ ላይም በጁላይ መጀመሪያ ደም ፈስሷል። ነገሩ ሁሉ ከተወሰነ በኋላ ስለሞቱት ስለእነዚህኞቹ የሚያነሳ ሰው ብዙም የለም።

ከሟቾቹ በፊት ግን ስለ አንድ እግር ላውራ።

የእንግሊዝን ፈረሰኛ ያዝ የነበረው ሎርድ አክስብሪጅ ይባላል። ጦርነቱ ሊያበቃ ሲል ከመጨረሻዎቹ የመድፍ አረሮች አንዱ ቀኝ ጉልበቱን አገኘው። በዚያን ጊዜ አጠገቡ ከነበረው ከዌሊንግተን ጋር ስለ እግሩ ተነጋገሩት የሚባለው ቀዝቃዛ ንግግር እስከ ዛሬ የእንግሊዞች ጨዋታ ማጣፈጫ ነው። እውነት ይሁን ተረት ለእነሱ ልተወው። ብቻ ሰውየውን ወደ ዋተርሎ መንደር ወስደው፣ ማደንዘዣ በሌለበት ዘመን፣ ሙሴ ፓሪስ በተባሉ ሰው ቤት ውስጥ እግሩን ቆረጡለት። ባለቤቱ ሙሴ ፓሪስ አስፈቀዱና እግሩን በአትክልት ቦታቸው ቀበሩት። ከላዩ ድንጋይ አቆሙለት፤ ጽሑፍ አስቀረጹለት። ወሬው ተሰማና ጎብኚ ይጎርፍ ጀመር። ነገሥታትና ልዑላን ሳይቀሩ መጡ። የተቆረጠበትን ወንበር አዩ፣ መቃብሩን አዩ፣ ገንዘብ ሰጥተው ሄዱ። ለሙሴ ፓሪስ ቤተሰብ ያ እግር ከብዙ መሬት የተሻለ ርስት ሆነ። የእግሩ ባለቤት ደግሞ በዚያው ዓመት ማዕረጉ ከፍ ብሎ፣ የእንጨት እግር አስገጥሞ፣ ሌላ 39 ዓመት ኖሮ በ85 ዓመቱ ሞተ።

በሰውየው አልቀናም። እግር መቆረጥ ቀላል አይደለም፤ ጀግናም ነበረ ይላሉ። ነገር ግን አንድ እግር ድንጋይ ተጽፎበት ሲጎበኝ፣ ከዚያ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወዲያ ሁለት እግር፣ ሁለት እጅና አንድ ነፍስ የሰጡት ሰዎች ምን እንደሆኑ ልንገራችሁ።

ገና በዚያው ሌሊት ተገፈፉ። ልብሳቸው፣ ጫማቸው፣ በኪሳቸው የተገኘው ሳንቲም ሄደ። ገፋፊው የራሳቸው ጓድም፣ የጠላት ወታደርም፣ የአካባቢው ሰውም ነበር። ከዚያ ገበሬዎች እየተቀጠሩ ጉድጓድ ቆፈሩና በጅምላ ከተቷቸው፤ አንዳንዱንም አቃጠሉት። ሰኔ ነውና ሙቀቱ አያስቆምም፤ ጉድጓዱም ጥልቀት አልነበረውም። ከአንድ ወር በኋላ በቦታው ያለፈች ሻርሎት ዎልዲ የተባለች ጸሐፊ ከመሬት ወጥቶ የተዘረጋ የሰው እጅ ማየቷን ጽፋለች። በኦገስት ታላቁ ደራሲ ዋልተር ስኮት መጣ፤ የፈረንሳይ ፈረሰኞች የደረት ጥሩር ገዝቶ ተመለሰ። መንደርተኛው አዝራርና ጥይት ቤቱ ደጃፍ ላይ ዘርግቶ ይሸጥ ነበር።

ጥርሳቸውም ተሸጠ። በዚያ ዘመን ሰው ሠራሽ ጥርስ ከዝሆን ጥርስ ይሠራ ስለነበር የእውነተኛ ሰው ጥርስ ሲተከልበት ዋጋው ይጨምራል። የወጣት ጥርስ ደግሞ ከሽማግሌ ጥርስ ይሻላል። በጉጠት የነቀሉት በየአገሩ ለጥርስ ሠሪዎች አቀረቡት፤ «የዋተርሎ ጥርስ» የሚለው ስም ከዚያ ቀረ። ለንደን ውስጥ በእራት ግብዣ ላይ ስጋውን የሚያኝክ አንድ ጌታ የማን ልጅ ጥርስ አፉ ውስጥ እንዳለ አያውቅም ነበር።

አጥንቱ ቀረ። በ1822 አንድ የእንግሊዝ ጋዜጣ እንደጻፈው፣ ከአውሮፓ የጦር ሜዳዎች፣ ከዋተርሎም ጭምር፣ የሰውና የፈረስ አጥንት እየተለቀመ በመርከብ ወደ ኸል ወደብ ይጫን ነበር። ከዚያ ወፍጮ ቤት ገብቶ ይደቅና ለገበሬው በማዳበሪያነት ይሸጣል። ጀርመናዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ዩስቱስ ፎን ሊቢግም እንግሊዞችን የጦር ሜዳ አጥንት ዘርፋችሁ ማሳችሁን ታለማላችሁ ብሎ ከሷቸዋል። ይህን ብዙ ሰው ለዘመናት እንደ ጋዜጣ ወሬ ነበር የሚያየው። ከ2022 ወዲህ ግን ቶኒ ፖላርድ፣ በርናርድ ዊልኪንና ሮቢን ሼፈር የተባሉ ተመራማሪዎች መዛግብቱን አገላብጠው ሌላ ነገር ጨመሩበት። ነገሩ ስኳር ነው።

እንዴት መሰላችሁ? ከቀይ ሥር ወገን የሆነ፣ ውስጡ ነጭ የሆነ፣ ስኳር የሚሰጥ ሥር አለ። በ1830ዎቹ በዋተርሎ ዙሪያ ያለው ገበሬ ይህን ሥር በብዛት መትከል ጀመረ፤ ፋብሪካዎችም ተከፈቱ። ከሥሩ የሚወጣው ጭማቂ ጥቁርና ቆሻሻ ነው። ነጭ የሚያደርገው በአጥንት ከሰል ውስጥ ሲጣራ ነው። አጥንት ታፍኖ ይቃጠላል፣ ይከስላል፣ ይሰበራል፤ ጭማቂው በዚያ ያልፋል። ስለዚህ አጥንት ተፈለገ፣ ዋጋውም ወጣ። አጥንት በብዛት የት እንደሚገኝ ደግሞ የአካባቢው ሰው ያውቃል፤ የቀበረው እሱ ወይም አባቱ ነው። ባለሥልጣናቱ ቁፋሮው ክልክል መሆኑን እስከማስታወቅ ደረሱ። መቼም የማይደረገውን ነገር የሚከለክል የለም።

አርኪዮሎጂስቶች ዛሬ በዋተርሎ መሬት ላይ የጅምላ መቃብር ፈልገው የሚያጡት ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ሁጉሞን በተባለው እርሻ ግቢ አጠገብ፣ በዘመኑ የነበሩ ሠዓሊዎች ጉድጓዱን እያዩ በሣሉበት ሥፍራ፣ ቢቆፈር ቢቆፈር መቃብር አልተገኘም። ከዚያ ሁሉ ሺህ ሰው እስካሁን በአግባቡ ተቆፍሮ የተገኘው ሙሉ አጽም በጣት የሚቆጠር ነው።

ፍርደ ገምድል እንዳልባል አንድ ነገር ልጨምር። የእንግሊዝ መንግሥት በ1816 የዋተርሎ ሜዳሊያ ሲያሠራ፣ ከጄኔራል እስከ ተራ ወታደር ለሁሉም አንድ ዓይነት ሰጠ። የያንዳንዱ ስም በሜዳሊያው ጠርዝ ላይ ተመታበት። ለሞቱትም ለዘመዶቻቸው ተላከ። በዚያ አገር እንዲህ ያለ ነገር ሲደረግ የመጀመሪያው ነው። ስሙ ለእናቱ ደረሰ ማለት ነው። የደረሰው ግን ለእንግሊዝ እናት ነው። ለፈረንሳይ እናት ማን ይላክላት? ንጉሠ ነገሥቷ ራሱ በሴይንት ሄሌና ደሴት እስረኛ ነበር። እሱ እንኳ በ1840 አጽሙ ወደ ፓሪስ ተመልሶ፣ ሣጥን በሣጥን ላይ ተደርቦለት፣ ከሥር ሆኖ የሚታይ ወርቃማ ጉልላት ባለው ሕንፃ ውስጥ ዐርፏል።

ይህን የምጽፈው የአውሮፓ ሟች ከራሴ ሟች በልጦብኝ አይደለም። አጎቴ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ በ1969 ዓ.ም. ታጠቅ ጦር ሠፈር ሠልጥኖ ወደ ኦጋዴን ዘመተ፤ አልተመለሰም። መርዶው ሲመጣ ሬሳ የለም። ልብሱና ፎቶግራፉ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ተለቀሰ። አያቴ ከዚያ በኋላ በኖረችባቸው ዓመታት፣ ከዚያ ግንባር የተመለሰ ወታደር በሰፈሩ መኖሩን በሰማች ቁጥር አስጠርታ ቡና ታፈላለት ነበር። የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ማን አሸነፈ፣ እንዴት ሞተ፣ ማን መታው አትልም። «ልጄ፣ ያ አገር ዛፍ አለው?» ትላለች። «አለው እማማ፣ ትልልቅ ግራር አለው» ይሏታል። እውነት ይሁን ለእሷ ብለው፣ እሷ ግን በዚያ ሰሞን እንቅልፍ ታገኝ ነበር።

በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ለሥራ ብራስልስ ሄጄ ቅዳሜ ዕረፍት ሳገኝ ወደ ዋተርሎ የወሰደኝ የአያቴ ጥያቄ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። አውቶቡሱ ካወረደኝ ቦታ ሆኜ መጀመሪያ ያየሁት አንበሳውን ነው። የኔዘርላንድስ ንጉሥ ቀዳማዊ ቪለም ልጁ ትከሻው ላይ የቆሰለበትን ቦታ ለማስታወስ ብሎ ከ40 ሜትር በላይ የሚደርስ የአፈር ኮረብታ አስቆለለ፤ ሥራው በ1826 አለቀ። አፈሩን በቅርጫት በጀርባቸው ተሸክመው ካመላለሱት መካከል የሊዬዥ ሴቶች ነበሩበት። ከላዩ 28 ቶን የሚመዝን የብረት አንበሳ ቆሟል። ወደ እሱ የሚወስደው ደረጃ 226 ነው፤ ጉልበት የሚጠይቅ ነገር ነው፤ እኔ ሁለት ጊዜ ቆሜ ተንፍሻለሁ።

ያ ሁሉ አፈር ከየት መጣ? ከዚያው ከጦር ሜዳው ነው። ዌሊንግተን ጦሩን የደገፈበትን ሸንተረር ቆርጠው ነው የቆለሉት። ኋላ ዌሊንግተን ቦታውን ሲያየው የጦር ሜዳዬን አበላሹብኝ አለ ይባላል። ሸንተረሩ ድሮ ምን ያህል ከፍ ያለ እንደነበር ማወቅ የፈለገ፣ ከመስቀለኛ መንገዱ አጠገብ ያለውን የኮሎኔል ጎርደንን ሐውልት ይይ። ሐውልቱ በ1817፣ ከኮረብታው በፊት ስለቆመ ሥሩ ያለው አፈር አልተነካም፤ ዙሪያው ሲወርድ እሱ ከፍ ብሎ ቀረ። ለአንድ ልዑል የቆሰለ ትከሻ ሲባል የሟቾቹ መሬት ተገላበጠ።

ከላይ ሆኜ ዛፍ ፈለግሁ። ሜዳው ገላጣ ነው፤ እርሻ፣ እርሻ፣ ከዚያ ቀይ ጣሪያ ያላቸው የእርሻ ግቢዎች። በጦርነቱ ቀን በመስቀለኛ መንገዱ ላይ አንድ ትልቅ ዛፍ ነበር፤ ዌሊንግተን ሥሩ ውሎ ነበር እየተባለ ስሙ የገነነ። ጎብኚው ቅርፊቱን እየላጠ፣ ቅርንጫፉን እየሰበረ ለመታሰቢያ ወሰደው። በ1818 ተቆረጠ፤ አንድ እንግሊዛዊ እንጨቱን ገዝቶ ወደ አገሩ አስጫነው። ወንበር ተሠራበት፤ አንዱ ወንበር ለንጉሣቸው ተበረከተ።

ተርነር የተባለው ሠዓሊ በ1817 ቦታውን ጎብኝቶ በ1818 ለሕዝብ ያሳየው ሥዕል አለ። ከዋተርሎ ሥዕሎች ሁሉ እኔ የምወደው እሱን ነው። የሌሎቹ ሠዓሊዎች ሥራ ፈረስና ጎራዴ፣ ባንዲራና ላባ ነው። ተርነር ግን ሌሊቱን ሣለው። ከሩቅ ሁጉሞን ይቃጠላል። ከፊት የሬሳ ክምር አለ፤ የማን ወታደር እንደሆነ ለመለየት እስኪያስቸግር ተደባልቋል። በላዩ ላይ ችቦ የያዙ ሴቶች ጎንበስ ብለው ይፈልጋሉ። ናፖሊዮን የለም፤ ዌሊንግተንም የለም። ሥዕሉን ሳይ የአያቴ ነጠላ ያለበት ይመስለኛል።

ከአንበሳው ኮረብታ ሥር፣ ከመሬት በታች የተሠራ ሙዚየም አለ። እዚያ በመስተዋት ውስጥ አንድ ሰው ተኝቷል። በ2012፣ ለሁለት መቶኛው ዓመት በዓል መኪና ማቆሚያ ሲዘጋጅ ነው የተገኘው። ትንሽ ሰው ነው፤ አከርካሪው ጠማማ። በጎድን አጥንቶቹ መካከል የገደለው ጥይት አለ። ሳንቲሞቹም አብረውት ተገኝተዋል፤ ገፋፊዎቹ ሳያገኙት ቀርተው ማለት ነው። አንድ የታሪክ ተመራማሪ ከሃኖቨር የመጣ የእንግሊዝ ቅጥር ወታደር ነው ብሎ ስም ሰጥቶታል፤ በስሙ ላይ ሁሉም አልተስማማም። ይቀበር የሚሉ ሰዎች ተነስተው ነበር። የለም፣ ለትምህርት ይጠቅማል የሚሉም አሉ። በበኩሌ ይቀበር ከሚሉት ጋር ነኝ። ሁለት መቶ ዓመት ከማዳበሪያውም፣ ከስኳሩም፣ ከጥርስ ነቃዩም አምልጦ በመጨረሻ የመግቢያ ቲኬት ማስቆረጫ መሆን የለበትም። ስቆም አንድ ሕፃን ልጅ እጁን መስተዋቱ ላይ አድርጎ ጥይቱን ለአባቱ ሲያሳይ ነበር። አባትዬው በቀስታ እጁን አነሳለት።

በ2022 ደግሞ የዌሊንግተን ጦር ሐኪም ቤት በነበረው በሞን ሴን ዣን እርሻ ሌላ ሙሉ አጽም ተገኝቷል፤ ከተቆረጡ እጅና እግሮች፣ በጥይት ከተገላገሉ ፈረሶች ጋር። ቁፋሮውን የሚያካሂደው ድርጅት ከአርኪዮሎጂስቶቹ ጎን በዘመናችን ጦርነቶች የቆሰሉ ወታደሮችን ያሰልፋል። ከዚህ ሁሉ ደግሞ የሚገርመኝ የቆጡ ነገር ነው። በርናርድ ዊልኪን ስለ አጥንቱ ንግድ ለሕዝብ ንግግር አድርጎ ሲጨርስ አንድ አዛውንት ጠጋ ብለው «እኔ ቤት ፕሩሲያውያን አሉ» አሉት። እውነትም ከጣሪያቸው ሥር ባለው ቆጥ ላይ በሣጥን የተቀመጠ የወታደሮች አጥንት ነበራቸው። ሰውየው ለዓመታት ምን ላድርገው ሲሉ ነው የቆዩት።

ወደ አውቶቡሱ ስመለስ በማሳው ዳር የሰው ቁመት የሚያህል የሥር ክምር አየሁ፤ አፈር የለበሰ፣ ነጣ ያለ፣ ጭንቅላት የሚያካክል። አብሮኝ የሚጠብቅ አንድ ሽማግሌ ምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው የስኳር መሆኑን ነገረኝ። የመጫኛ መኪናው ሰኞ ይመጣል አለኝ።